የአልጋ ወራሹ አልጋ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለሙላቴ፣ ጅግጅጋ።

ሰላምታዬ ከጉና ብርድ ተነሥቶ እስከዚያ ሙቀት ሲጓዝ ለብ ብሎ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለው? ሰላማዊት እንዴት ናት? ትንሹ ሞገስስ ጥርሱን አበቀለ? ስልክ ስትሞክር እንደ ከረምህ አውቃለሁ፤ እኛም ስንሞክር ከርመናል። ኔትወርኩ ስለ ጠፋ፣ መንገዱም ዛሬ ተከፍቶ ነገ ስለሚዘጋ፣ ወደ ወረቀት ተመልሰናል። ትምህርት ቤታችንም እንደ ተዘጋ ነው። እኔ የአማርኛ አስተማሪዋ የማርመው ደብተር አጥቼ በየሱቁ በር የተለጠፈውን ማስታወቂያ በልቤ አርማለሁ።

እንደ ደንቡ «እኛ ደህና ነን» ማለት ነበረብኝ። ደህና ነን፤ ከእናታችን ደረት በቀር። አስሟ በዚህ ኅዳር ብርድ ብሶባታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «መሬት ላይ አታስተኟት፤ የቀለም ሽታም አታስጠጉባት» ብላ አስጠንቅቃናለች። መሬት ምን አወረዳት ትለኝ ይሆናል።

ያ ከባሕር ዳር ያስጫንህላት የችፑድ አልጋ ነዋ። ልወቅሰው አይደለም፤ ሲመጣ መስታወት ይመስል ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱን አይቶበታል። የቫርኒሹ ሽታ አሳላት እንጂ ክፋት አልነበረውም። በክረምቱ ጣሪያው አፈሰሰና ውሃ ጠጣ፤ እንደ አምባሻ ተነፋ፤ በመጨረሻም እናታችን ውዳሴ ማርያሟን እየደገመች ሳለ ከነጸሎቷ መሬት አስቀመጣት። እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳችም። «የልጄ አልጋ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የወደቀ» አለች።

ስለዚህ የአባባን የጠፍር አልጋ ከጓዳ አወጣሁት። አንድ እግሩን ነቀዝ በልቶታል፤ ጠፍሩም እንደ አሮጌ መረብ ተበጣጥሷል። ደምሴ አናጢው ዞር ዞር ብሎ አየውና «አዲስዬ፣ ወይ ፈልጠሽ አንድጂው፣ ወይ ቫርኒሽ እንለቅልቀውና ለሙሽራ እንሽጠው» አለኝ። ዋንዛ ለማገዶ! ቫርኒሹንማ በእናታችን ደረት አየነው። እኔው ልሠራው ተነሣሁ። አትሳቅ።

እድፉን በአመድ ውሃ አጠብሁ፤ በሰባራ ጠርሙስ ፋቅሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። ለእግሩ የሚሆነውን እንጨት ነፋስ ከጣለው የቤተ ክርስቲያኑ ዋንዛ ለምኜ አገኘሁ፤ የቆመ ዛፍ አላስቆረጥሁም። በቫርኒሽ ፈንታ ሰም በተልባ ዘይት አቅልጬ ቀባሁት። ቤቱ ማር ማር ሸተተ እንጂ ማንንም አላሳለም።

የቸገረኝ ጠፍሩ ነው። ጎረቤታችን ኸድር ለአረፋ ያረደውን በሬ ቆዳ አድርቆ አስቀምጦ ኖሮ «ውሰጂ» አለኝ። ይኼኔ እናታችንን ሐሳብ ገባት፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፣ ሙስሊም ባረደው በሬ ቆዳ ላይ መተኛት ያስገድፍ እንደሆነስ? የንስሐ አባቷ ተጠሩ። ቆዳውን አገላብጠው አዩና «እመት ብዙነሽ፣ ሊተኙበት ነው ሊበሉት?» አሏት። «ኧረ ልተኛበት!» አለች። «እንግዲያው ይተኙ፤ ሲበሉት ይንገሩኝ» ብለው ሄዱ። ኸድር ይህን ከሰማ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር «ቆዳው ጨው በቃው?» ይለኛል።

ቆዳውን ነከርሁ፤ ቀደድሁ፤ እርጥቡን ባለኝ ኃይል ሁሉ ስቤ ወጠርሁት። ጥላ ላይ ቀስ ብሎ መድረቅ ነበረበት፤ እኔ ግን ከብርዱ ልቅደም ብዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ከሰዓት በኋላ «ቋ!» አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰፈራችን ምን እንደሚያደርግ ሰምተህ ይሆናል። ሰው ሁሉ በየቤቱ ገባ፣ በር ሁሉ ተዘጋ፣ እኔም ከካቡ ሥር ተለጥፌ ተኛሁ። ቆይቼ ቀና ስል የተኮሰው አልጋው ነው። ቆዳው ሲኮማተር አዲሱን እግር ሰንጥቆታል። ጎረቤቶቼ ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ጠፍሩን ፈትቼ እንደገና ነከርሁና ላላ አድርጌ ጥላ ላይ አደረቅሁት። የቆዳውን ትራፊ አፍልቼ ሙጫ አወጣሁ፤ የተሰነጠቀውን እግር በሱ አጣብቄ በጠፍር ጠመጠምሁት። አልጋው ጸና።

እናታችን ግን አልወጣችበትም። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንተን በዚህ አልጋ ላይ አስቀምጠው «አልጋ ወራሼ» እያሉ ይጫወቱ የነበረውን አትረሳውም። ለእርሳቸው ጨዋታ ነበር፤ እርሷ እንደ አዋጅ ይዛዋለች። «አልጋው የአልጋ ወራሹ ነው፤ እሱ ሳይመጣ እኔ ልንፈራጠጥበት?» ትላለች። አገሩ ዘውድ ካወረደ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኛ ቤት ወሬው ገና አልደረሰም። ደህናውን ጋቢ ላንተ አንጥፋበት፣ ትራስ አስተካክላ፣ እርሷ ከእግሩ ሥር ሰሌን ላይ ትተኛለች። ጠዋት ተነሥታ፣ እያሳላት፣ ማንም ያልተኛበትን ጋቢ አራግፋ መልሳ ታነጥፈዋለች። ለምኛታለሁ፤ ተቆጥቻታለሁ። የንስሐ አባቷም በቆዳው እንደ ረቷት በዚህ አልረቷትም። ከዚህ ክረምት የተረፈው ደረቷ ይህን በጋ ከመሬት ጋር የሚችለው አይመስለኝም፤ ነርሷም አይመስላትም።

ና አልልህም። ከሐሙሲት ወዲህ መኪናውን ማን እንደሚያስቆመው አይታወቅም፤ አንተ አንድ ነገር ብትሆን አልጋው ለማን ሊሆን ነው? የምለምንህ ሌላ ነው፤ አልጋህን ልቀቅ። በታሪክ ያለ ነገር ነው። ሌሎቹ በግድ ለቀቁ፣ አንተ በፈቃድህ ልቀቅ። በገዛ እጅህ «እኔ ሙላቴ የአባቴን አልጋ ለእናቴ ለብዙነሽ ለቅቄያለሁ፤ ዛሬውኑ ትውጣበት» ብለህ ጻፍ። እኔ የፈጠርሁት እንዳይመስላት የንስሐ አባቷ ያነቡላታል። አደራህን «እስክመጣ ድረስ» የሚል ቃል እንዳታስገባበት። እሱን ከሰማች ትጠብቅሃለች።

ሰላማዊትን ሳምልኝ፤ የሞገስን ጉንጭ በእኔ ስም ንከስልኝ። ኸድርና ሚስቱ ዙበይዳ ሰላም ብለውሃል። ደምሴ «ማገዶ ያልሁት ቀረ በለው» ብሎኛል። እናታችን፣ ከአልጋህ እግር ሥር ሆና፣ ግንባርህን ትስምሃለች።

እህትህ አዲስዓለም
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.