ጉንዳን የገደለው ወተት

ለክቡር አቶ አዱኮ፣ የወረዳችን የእናቶች ምክር ድረ ገጽ የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የማይነቃነቅ፣ ምሳዎም ሰዓቱን የማያሳልፍ እንዲሆን እመኛለሁ፤ በሰዓቱ መመገብ ምን ያህል ደግ ነገር እንደሆነ ሰሞኑን ተምሬአለሁና።

እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ እህቴን ታኒን ላርስ በመጣሁበት ግቢ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ታኒ ሴት ልጅ ከወለደች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሕፃኗ ጡት ሳትቀምስ የታኒ አማት እማማ አቲፖካ በአገራችን ደንብ እንገሩን በቅል አልበው ሁለት ጉንዳን ጣሉበት። ጉንዳኖቹ ሞቱ።

«ወተቷ መራራ ነው፤ የልጅ ልጄን ይገድልብኛል» አሉ።

«እማማ፣ እኔንም ወተት ውስጥ ቢጥሉኝ እኮ እሞታለሁ» ብላቸው፣ «አንቺማ ምላስሽ ተንሳፍፎ ያወጣሻል» አሉኝ።

ደንቡ ለወንድ ልጅ ሦስት፣ ለሴት አራት ቀን ነውና፣ የታኒ ጡት ሥር በተቀቀለበት ውሃ እየታጠበ ሕፃኗ አራት ቀን ውሃ ብቻ እንድትጠጣ ተበየነ። እኔም ስልኬን ይዤ ወደ እርስዎ ሮጥኩ። ምስጋናዎቼም እነሆ፤

አንደኛ፣ ገጽዎ የሚከፈተው ከባኦባቡ ዛፍ ሥር፣ ያውም ክንድ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ነው። ሲከፈት ነጭ ሶፋ ላይ ፈገግ ብላ የምታጠባ ሴት ታየች። ለታኒ ባሳያት «ይቺ አማት የላትም መሰለኝ» አለች።

ሁለተኛ፣ «የእህቴ ወተት ጉንዳን ገደለ፣ ምን እናድርግ?» ብዬ ብጽፍ፣ በማግሥቱ «ስለ ጉንዳንና ሌሎች ተባዮች የግብርና ቢሮን ያነጋግሩ» የሚል መልስ ደረሰኝ። ስለ ፍጥነትዎ እጅ እነሣለሁ።

ሦስተኛ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ሁሉም ገጹ ላይ አለልሽ» ብላ መለሰችኝ። ገጹ ደግሞ «በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ» አለኝ። በሁለታችሁ መካከል ያለውን ፍቅር እግሬ ይመሰክራል።

አራተኛ፣ በአምስተኛው ቀን አንድ ሠራተኛዎ «የቤተሰቡን ትልልቅ ሰዎች ያማክሩ» ሲል መከረኝ። አማከርኩ። እማማ አቲፖካ ሁለት አዳዲስ ጉንዳን ይዘው መጡ። ሞቱ። አራት ቀን ተጨመረ።

እውነተኛው መልስ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ እንገር ለሕፃን የመጀመሪያ መድኃኒቷ እንደሆነ፣ በተወለደች በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥባት እንዳለባት ይናገራል። ቃል በቃል ለታኒ ተረጎምኩላት። እሷም አማቷ ዘወር ሲሉ ሕፃኗን ወደ ጡቷ አስጠጋች። ነገር ግን በትኩሳት አብጦ የነበረው ጡት ወተቱ ደርቆ ተሟሽሿል፤ ሕፃኗም አፏን አልከፈተችም።

ቀኑን ሙሉ ከጀርባቸው የማያወርዷት እማማ አቲፖካ «አያችሁ፣ ማልቀስ ተወች፤ ጨዋ ልጅ ሆነች» እያሉ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ጨዋነቷን አልወደድኩትም።

ሰምቶ ዝም ለማለት ያለዎትን ታላቅ ትዕግሥት እያደነቅሁ፣ መልስዎን ተስፋ ሳላደርግ የምጠብቅ፣

ላሚሲ
ገና ስም ያልወጣላት ሕፃን አክስት
ከባኦባቡ ሥር፣ ሰሜን ጋና

ማስታወሻ፤ ገጽዎ ዛሬ «አገልግሎታችንን ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡታል?» ብሎኛል። ልጅ ነኝና ፍርዱን ለአገሩ ደንብ ትቼ፣ አንዲት ጉንዳን ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። ከዳር እስከ ዳር ተጉዛ በሰላም ወረደች። በእማማ አቲፖካ ሕግ ገጽዎ ንጹሕ ነው፤ የምትሰጥምበት ጠብታ አላገኘችበትም።