አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ

ጥር 4
የአውሮፕላን ትኬት ቢሮው ጭር ብሎ ዋለ። አንዷ ደንበኛ "መስኮት ዳር ካልሆነ አልሄድም" ብላ ግማሽ ሰዓት አደረቀችኝ። ሰጠኋት። ክንፉ ላይ ነው፤ ምንም አይታያትም።

ጥር 7
የወንድሜ ሚስት ከባሕር ማዶ ደወለች። ቀጮ ወንድሜ ሕመሙ ብሶበታል። ሐኪሞቹ "የሚመጣ ዘመድ ካለ ይፍጠን" ብለዋል። ለአባዬ የነገውን ትኬት ቆረጥኩ። የአምናው ቪዛው ገና አላለፈበትም... ተመስገን።
"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለኝ።
"ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።"
"ማሳጠር አይቻልም?"
ደንበኛ ቢጠይቀኝ እስቅ ነበር።

ጥር 8
ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በረረ። ቢሮ ገብቼ አውሮፕላኑን ኮምፒውተሩ ላይ ስከተል ዋልኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ባሕር መሃል ነበር። ያኔ ስልኬ ጠራ፤ የወንድሜ ሚስት።
"አባባ በደህና ገቡ። እንኳን ላክሻቸው።"
"የት ገቡ?"
"ሆስፒታል ነዋ! አልጋው ጫፍ ተቀምጠው እጁን ይዘውታል። እሱም አወቃቸው፤ 'አባዬ' አለ። እኔ ውሃ ላመጣላቸው ወጥቼ ነው..."
ከስድስት ሰዓት በላይ ይቀረዋል እኮ!
"ስልኩን ለአባዬ ስጪልኝ" አልኳት።
እርምጃዋ ይሰማኛል። በር ተከፈተ። ከዚያ ጩኸት።
ቀጮዬ ሄደ። አልጋው ጫፍ ላይ ግን ማንም አልነበረም አለችኝ።

ጥር 9
አውሮፕላኑ በሰዓቱ ነው የደረሰው። ደቂቃ አላዛነፈም።
አባዬ ደወለ። እንዴት አድርጌ ልጀምር?
"አታልቅሺ" አለኝ ቀድሞ። "እኔ ደርሼበታለሁ። አውሮፕላኑ ላይ ሸለብ አደረገኝ... እጁን ይዤው ነበር። የክፍሉ መስኮት ተሰንጥቆ በፕላስተር ለጥፈውታል።"
"ሕልም ነው፣ አባዬ።"
"ይሁና።"
ሆስፒታሉን ገና አላየም፤ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ ቤት ነው የወሰዱት። የወንድሜን ሚስት ስለ መስኮቱ ጠየቅኳት። "ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

የካቲት 3
አባዬ ተመለሰ። ከስቷል። ስለዚያ ቀን አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ፈሪ ነኝ?

የካቲት 19
እሑድ። የወንድሜ ሚስት ደወለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ልጇ ባዶ ሶፋ ላይ ወጥታ ትስቃለች አሉ። "አያቴ መጣ" ትላለች።
"አባባ... አሁን ምን እያደረጉ ነው?"
ዞር አልኩ። አባዬ ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ከንፈሩ ፈገግ ብሏል።
ድሮ ቢሆን ትከሻውን ነቅንቄ "አንገትህ ይጣመማል፣ አልጋህ ላይ ተኛ" እለው ነበር። ዛሬ አልነካሁትም። ሬዲዮውን አጠፋሁ፤ ጫማዬን አውልቄ በእግር ጣቴ አለፍኩ።
መሃል መንገድ ላይ ብቀሰቅሰው የት ይቀራል?