እውነተኛውን የሽልማት ሽጉጥ ከሐሰተኛው ሲለዩ የኖሩት የወይዘሮ ሂልትሩድ ባስለር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሂልትሩድ ባስለር በቱሪንገን ደን ሥር በምትገኘው በከተማችን በዙል፣ ከጠመንጃ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1936 ከአባታቸው ከአቶ አርኖ ኬለርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዜልማ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው፣ ማለትም የእኔ አባት፣ አቶ ራይንሆልድ ኬለርት በአምስት ዓመት ይበልጧቸዋል። አባታቸው በፋብሪካው የብረት ቀራጺዎች አለቃ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ቀራጺዎቹ በመሣሪያው ብረት ላይ ቅጠሉንና ፊደሉን ካወጡ በኋላ በመካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ፣ በቤታቸው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ በጥቃቅን ነጥቦች ይሞሉ ነበር። ይህን ሥራ ልብ የሚለው ሰው አልነበረም፤ አክስቴን በመላው ጀርመን ያስከበራቸው ግን ይኸው ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ያዩት ሥራ ነው።

ትምህርት ቤት የገቡት በጦርነቱ መካከል በ1942 ነበር። በ1945 የጸደይ ወራት አሜሪካኖች ከተማዋን ሲይዙ፣ ሕዝቡ ያለውን መሣሪያ ሁሉ በከተማው አዳራሽ እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ በበጋው ሩሲያውያን ተተኩ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ረሃብ አክስቴ ሲያወሩ ሁልጊዜ ከድንች ልጣጭ ይጀምሩ ነበር። በ1951 በፋብሪካው የቅርጽ ክፍል በተለማማጅነት ተቀጠሩ። የክፍሉ ኃላፊ ገና ሲያዩአቸው «መዶሻና መሮ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? ነገ ባል አግብታ ጥላው ትሄዳለች» ብለው ነበር አሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን ውድ ውድ የአደን ጠመንጃዎችን ለእሳቸው ብቻ መስጠት ጀመሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሌላው ሰው የቀረጸው አጋዘን ፎቶ ሊነሣ የቆመ ነው፤ የሂልትሩድ አጋዘን ግን አዳኙን አይቷል» ይሉ ነበር። በ1964 የሙያው የማስተርነት ማዕረግ ሲሰጣቸው በክፍሉ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለዚህ ክብር ራሳቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ከፍ የምናደርጋቸው እኛ ነን።

በ1959 ከአቶ ዲትማር ባስለር ጋር፣ ዛሬ ልንሸኛቸው በተሰበሰብንበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ትዳር መሠረቱ። አቶ ዲትማር የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ በራሳቸው አነጋገር ሽጉጥን ከቡና መፍጫ መለየት የማይችሉ ሰው። ሄንሪክንና ሲልከን ወልደው በደስታ አሳደጉ። አባታቸው አቶ አርኖ ከሠርጉ አንድ ዓመት በፊት አርፈው ነበር። እኚህ ሰው ስለ ጦርነቱ ጊዜ በተጠየቁ ቁጥር «እኔ ብረት ቀርጬ ልጆቼን አበላሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም» ይሉ እንደነበር አክስቴ ሁልጊዜ ይነግሩን ነበር። ይህን ቃል እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱት ነበር።

ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ የቅርጽ ክፍሉ ተዘጋ። አክስቴ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ቤትሽ ግቢ ተባሉ። እሳቸው ቤት ከመግባታቸው ከምዕራቡ በኩል ሰብሳቢዎች በራቸውን ማንኳኳት ጀመሩ። በጦርነቱ ዘመን ለጄኔራሎች፣ ለፓርቲ ሹሞችና ለባለውለታዎች የሚሰጡ፣ የኦክ ቅጠል የተቀረጸባቸውና የዝሆን ጥርስ እጀታ ያላቸው ሽጉጦች ይሠሩ እንደነበር የዙል ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ተራ ሽጉጥ ገዝቶ፣ ቅጠሉንና የጄኔራሉን ስም አስቀርጾ፣ በአሥር እጥፍ የሚሸጥ ሞላ። እውነተኛው ሽጉጥ መጀመሪያ በነጭ ብረቱ ይቀረጻል፤ ከዚያ ተፈትሾ የፍተሻ ማኅተም ይመታበታል፤ በመጨረሻ ይጠቁራል። መሮው ማኅተሙን ከቆረጠው ቅርጹ ከማኅተሙ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህን ሌሎችም ያውቁት ነበር። አክስቴ ግን ቅጠሉን ትተው በቅጠሎቹ መካከል ያሉትን ነጥቦች ያዩ ነበር። አስመሳይ በቅጠሉ ላይ ይጠበባል፣ ነጥቡ ላይ ሲደርስ ይሰለቻል፤ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ከመታው ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆንበታል። የሰው እጅ ይደክማል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይበረታል፤ ያ ሁሉ ብረቱ ላይ ይቀራል።

በ1993 በፍርድ ቤት ምለው የሙያ ምስክር ሆኑ። አንድ ነጋዴ በችሎቱ ፊት «ወይዘሮ ባስለር፣ ይህን ሽጉጥ እኮ ጄኔራሉ ራሳቸው ወገባቸው ላይ ታጥቀውት ነበር!» ቢሏቸው፣ «ጄኔራሉን አላውቃቸውም፤ ቅርጹ ግን በዕድሜ ከልጅ ልጄ ያንሳል» ብለው ዳኛውን ሳይቀር አስቀዋል። ስማቸው ያለበት ወረቀት በሐራጅ ቤቶች ዘንድ እንደ ወርቅ ይታይ ነበር። «እውነተኛ ነው በይልን እንጂ የፈለግሽውን እንከፍላለን» የሚሉ ሲመጡ በሩን ያሳዩአቸዋል፣ ዝናብ ካለ ደግሞ ጃንጥላ ያውሷቸዋል። ከጃንጥላዎቹ የተመለሰ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በ1994 የሆነው ነው። አባቴ በዚያ ዓመት ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድረው ነበር። የአያቶቼን ቤት ጣሪያ ሲያሳድሱ፣ ከሰገነቱ ወለል ሥር በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ ተገኘ። በጎኑ ላይ ከኦክ ቅጠሎቹ መካከል «ለታማኙ የትግል ጓዳችን ለአርኖ ኬለርት፣ 1943» የሚል ጽሑፍና የአውራጃው የናዚ ፓርቲ አዛዥ ማዕረግ ተቀርጾ ነበር። አባቴ በፎጣ ጠቅልለው ወደ እህታቸው ቤት ሲሄዱ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። ወደ አክስቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ እውነተኛ ነው እንዲሉት ይለምናል፤ ሐሰት ነው እንዲሉት የለመነ አባቴን ብቻ ነው ያየሁት።

«ሂልዴ፣ ይቺ ነገር የረሃቡ ጊዜ ሥራ ናት» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለውን በሲጋራ ይለውጡ አልነበር? አባባ ተራ ሽጉጥ ላይ ይህን ጉድ ራሱ ቀርጾ ሊሸጥላቸው ነበር፤ ሳይሸጠው ሄዱ። አለቀ። ይህንኑ ጻፊልኝ።»

«እንዳፍህ ያድርገው፤ እስቲ መጀመሪያ ልያት» አሉ አክስቴ።

ነገሩ ለእሳቸውም ቀላል አልነበረም። የተራቡ ልጆቹን ለመመገብ ያጭበረበረ አባት የሚያኮራ አባት ነው። ሽጉጡ እውነተኛ ከሆነ ግን ያ የሚወዱት የአባታቸው ቃል ውሸት ይሆናል። አጉሊ መነጽራቸውን አድርገው በመጀመሪያ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ በፊደሎቹ መካከል ያሉትን ነጥቦች ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው ከመሳቢያቸው የእናታቸውን የነጥብ መምቻ አወጡ። የመምቻው ጠርዝ ስለተሸረፈ ነጥቡ አንድ ጎኑ የጎደለ ነው። በቁራጭ መዳብ ላይ መትተው ከሽጉጡ ጋር አስተያዩት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ራይኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በፊደሎቹ መካከል ያሉትን ነጥቦች የመታችው እማማ ናት። ጥቁሩም ከቅርጹ በኋላ ነው የመጣው፤ ማኅተሙም አልተነካም። ፊደሉ የዚያን ጊዜ ነው። አባባ ተሸልሟል።»

«እህቴ አይደለሽም እንዴ? ማን ይጠይቅሻል?»

«እህትህማ ነኝ። እህትህ ባልሆን ዋሽቼ በገላገልኩህ።»

በዚያኑ ቀን ለፖሊስ አስታወቁ፤ «እውነተኛ» የሚለውንም ወረቀት በስማቸው ፈረሙ። አንድ ሰብሳቢ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ቢያቀርብላቸው አባርረው፣ ሽጉጡ እንዳይተኩስ ከተደረገ በኋላ ለሙዚየም ሰጡት። ከሥሩ የሚነበበው ጽሑፍ የተሸላሚውን ሙሉ ስም ከእነሥራው ይናገራል፤ እሱንም የጻፉት ልጃቸው አክስቴ ናቸው። አባቴ ከውድድሩ ወጡ። ከዚያ በኋላ ወንድምና እህት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኝ ተቀምጠው ለዓመታት ጭንቅላት ከመነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ አልተለዋወጡም። እኔ እሑድ ቀትር ላይ ከአባቴ፣ ማታ ከአክስቴ ዘንድ የድንች ድቡልቡል እየበላሁ የሁለቱንም ወሬ ጠብቄ ኖርኩ። አክስቴ አንድም ቀን በአባቴ ላይ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ከድቡልቡሉ በቀር፤ እሱን የአባቴ ቤት አያውቅበትም ይሉ ነበር።

በ2008 ባለቤታቸውን አቶ ዲትማርን በሞት ተነጠቁ። ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ወጣት ቀራጺዎችንም በነፃ አስተምረዋል። ባለፈው ክረምት ልባቸው ታመመ። በሕክምና ቢረዱም በመስከረም ወር ሐኪሞች ወደ ቤታቸው መለሷቸው። በዚያን ሰሞን አባቴ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ በምርኩዝ፣ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። አልጋው አጠገብ ተቀመጡና ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«እዚያው ነበርኩ፣ ሂልዴ። አዳራሹ ውስጥ። አባባ ሲሸለም ሣጥኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የናዚ ወጣቶችን የደንብ ልብስ ለብሼ። አንቺን ትንሽ ናት ብለው ቤት ተዉሽ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ለዚህ ነው ውሸት ናት በይ ያልኩሽ።»

«አንተ ቀጣፊ!» አሉ አክስቴ። «ዋናው ምስክር ፊቴ ተቀምጦ እኔ በመነጽር ዓይኔን አጠፋሁ?» ሁለቱም ሳቁ፤ አስታማሚዋ ደንግጣ እስክትገባ ድረስ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ አክስቴ እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን ጉንጭ ነኩ። «ልጅ ነበርክ እኮ፣ ራይኔ» አሏቸው። አባቴ እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ በየቀኑ እየመጡ ከጎናቸው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ሂልትሩድ ባስለር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2019 ንጋት ላይ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ባሉበት በሰላም አርፈዋል። ልጆቻቸውን ሄንሪክንና ሲልከን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ራይንሆልድን፣ ሙያቸውን የወረሱ ተማሪዎቻቸውንና የወንድማቸውን ልጅ እኔን አንትየን ትተው ሄደዋል።

ስለ ሽጉጡና ስለ አዳራሹ የሚናገረውን ክፍል ለቤተሰቡ ክብር ብዬ አስቀርቼው ነበር። ትናንት ማታ ረቂቁን ለአባቴ ሳነብላቸው አስቆሙኝ። «ይህ የሂልዴ ሕይወት አይደለም፤ አስመስለሽ ነው የሠራሽው» አሉና፣ ያስቀረሁትን ሁሉ በራሳቸው አንደበት አስጻፉኝ፤ ከሥሩም ፈረሙበት። መሐሪው አምላክ የአክስቴን ነፍስ በእቅፉ ይቀበል፤ እዚህ ከፊታችን ለተቀመጡት ወንድማቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።