በማን ጀርባ

ጥቅምት 4
ፋርማሲ ዋልኩ። የጉንፋን መድኃኒት ብቻ ነው የሚሸጠው። ከሰዓት ጸሐፊው መጣ... አምና የሞተውን የአባዬን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው።
"አንድ ትዝታ ብቻ ስጪኝ። አባትና ልጅ የሆናችሁበትን።"
አሰብኩ። ደንበኛ መጣ፣ አስተናገድኩ፣ እንደገና አሰብኩ። ምንም። አባዬ ጎዳና ላይ ስላደጉ ልጆች ሲጽፍ እነሱው ጋ ነበር የሚያድረው። እኛ ቤት የሚመጣው መጽሐፉ ነው።
"እናቴን ጠይቃት" አልኩት።

ጥቅምት 9
እማዬ ደወለች። ድምጿ ሞቅ ብሏል።
"ነገርኩት እኮ! ያኔ ትኩሳት ሲጥልሽ፣ በዚያ ዝናብ አዝሎሽ ሐኪም ቤት የሮጠውን።"
"እማዬ፣ እሱ እኮ አጎቴ ነው።"
"ታዲያ ወንድሙ አይደል?" ዘጋችው።

ጥቅምት 10
መናደድ ነበረብኝ? ምንም አልመጣልኝም።

ኅዳር 2
አጎቴ ጋራዥ ሄድኩ። ግማሽ አካሉ መኪና ሥር ነው። ነገርኩት። እዚያው ሆኖ ሳቀ።
"ይሁንለት። እኔን ወገቤ ያስታውሰኛል። እንደ ድንጋይ ነበር የምትከብጂው።"
"አይከፋህም?"
እጁን ከመኪናው ሥር ዘረጋ። ከዚያ፣ "የአሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብዪኝ።"
ድምፁ ተለወጠ... ወይስ መሰለኝ?

ጥር 15
መጽሐፉ ታተመ። ገጹን አነበብኩት። ያምራል። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ አባዬ "ልጄን አድኑልኝ!" እያለ ሲጮህ። የሌላ ሰው ልጅ ታሪክ ይመስላል። ከዚያ ልብስ አጠብኩ።

ጥር 22
የመጽሐፉ ምረቃ ቀን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ያቺን ገጽ አንድ ተዋናይ አነበባት፤ ሰው መሐረብ አወጣ። እማዬ ፊት ወንበር ላይ ቀና ብላ። አጎቴ በሩ አጠገብ፣ አስሮት በማያውቀው ክራባት ታንቆ።
"ልጃቸው አንድ ቃል ትበለን" ተባለ። አመሰግናለሁ ብዬ ልወርድ ነበር። አፌ ግን...
"ያዘለኝ አጎቴ ነው። ያውና፣ በሩ ጋ።"
እማዬ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አጎቴ ደጅ ያዘኝ።
"ምን ነካሽ? በሰው ፊት አሳፈርሽኝ እኮ!" አለ። እጄን ግን አልለቀቀም።

የካቲት 3
እማዬ ስልክ አታነሳም። ጸሐፊው ደወለ፤ በሁለተኛው እትም ያርማል። "እናትሽ ግን ለምን...?"
እንጃ።

የካቲት 8
እማዬ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣
"ለመዋሸት አይደለም" አለች። "ያን ቀን አባትሽ ዘንድ ሰው ልኬ ነበር። ይመጣል ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ... ወንድሙ ደረሰ። ምናለ እሱ በሆነ ስል፣ ስል፣ እየቆየ እሱ ሆነብኝ።"
ኮቷን ተቀበልኳት። ልሰቅለው ስል ፊቴን ደፋሁበት። እማዬ ናት ደግፋ ያስቀመጠችኝ። ለቀብሩ ያልመጣው እንባ ዛሬ መጣ።
እኔም ለካ... በትኩሳቱ ውስጥ፣ የአጎቴን አንገት አንቄ፣ "አባዬ፣ አባዬ" ነበር የምለው። እሱም አንዴ እንኳ አላረመኝም።
"አለሁ ልጄ" ይል ነበር እየሮጠ። "አለሁ።"