በዕረፍት ቀናት ስለሞቱት ሴሎች

ለተከበሩ የምርምር ማዕከላችን የሕንፃ አስተዳደር ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ሕንፃችን በር በሚገባ የተጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ዶክትሬቴን ጨርሼ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ሦስተኛ ፎቅ የምሠራ ተመራማሪ ነኝ። ሥራዬም የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች የነርቭ ሴሎች ውስጣቸው የሚጠራቀመውን ጥራጊ ማስወገድ ለምን እንደሚያቅታቸው ማጥናት ነው። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ የምለጥፈው ቀድሞ ለጻፍኩልዎ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉ ነው።

፩. የጊዜያዊ ሠራተኞች መታወቂያ ካርድ በዕረፍት ቀናት በሩን እንዳይከፍት በማዘዝዎ፣ ስለ ድካማችን የሚጨነቅ አለቃ በማግኘታችን ከልብ እናመሰግናለን። ችግሩ ሴሎቹ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቁም፤ ምግባቸው በየሁለት ቀኑ ካልተቀየረ ይሞታሉ።

፪. ባለፈው ረጅም ዕረፍት ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥበቃውን ለመንኩት። «እህቴ፣ ብከፍትልሽ ነገ እኔም እንዳንቺ ውጭ ነው የምቆመው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የእርስዎም ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ በደንብ በማረፍዎ ደስ ብሎኛል።

፫. የሞቱት ሴሎች ያደጉት «አባባ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ከክንዳቸው ከሰጡን ቁራጭ ቆዳ ነው። ቆዳውን ወደ ነርቭ ሴል መለወጥ ብዙ ወራት ፈጅቷል። አባባ በሽታው ገና ሲጀምራቸው የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የማየውን ማወቅ ሳይሳነኝ ሴሎቼን በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ» ብለው። ከዕረፍቱ ማግስት ቀጥረናቸው ነበርና ሰኞ ጠዋት ራሳቸው የሰፉትን ኮት ለብሰው ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም። አቀዝቅዘን ካስቀመጥነው ቆዳ እንደገና ጀምረናል፤ ሴሎቹ እስኪያድጉ ግን አባባ የሚያዩት ምን እንደሆነ የሚገባቸው አይመስለኝም። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፤ ደክሞኛልም።

፬. ከዚህ በኋላ ቢሮዎ «ለወደፊቱ የሴሎቹ አመጋገብ ከመደበኛ የሥራ ሰዓት ጋር እንዲጣጣም ይደረግ» የሚል መመሪያ ስለላከልን እጅ እንነሳለን። ለሴሎቹ አንብቤላቸዋለሁ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አክብሮት ጋር፣
በዕረፍት ቀን ደጅዎን የምትጠና፣
የሦስተኛ ፎቅ ተመራማሪ

ተጨማሪ፦ አባባ የነገርኳቸውን ረስተው በሳምንቱ ሴሎቻቸውን ሊያዩ ተመልሰው መጡ። እንደገና ነገርኳቸው፤ ገና እንደሰማ ሰው እንደገና አለቀሱ። ልጃቸው ልታስቀራቸው እንዳልቻለች፣ በመጪው ሰኞም እንደሚመጡ ደውላ ነግራኛለች። እኔ ሁለቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ የሰኞው ተራ የእርስዎ ነው።