ክላክስ ያላስደነገጣት ልጄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቤታችን አረካ ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ስለሆነ የአይሱዙዎቹ ክላክስ ቀን ከሌት ያስደነብረናል። ዛሬ ከገበያ ስንመለስ የሦስት ዓመቷ ልጄ ምሕረት እጄን ለቃ አስፋልቱ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ የመጣው አይሱዙ ክላክሱን ሲያምባርቀው እኔ ጆሮዬን ያዝኩ፤ እሷ ግን ዞር እንኳ አላለችም። ሮጬ ጎትቼ አወጣኋት።

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ልጅቷ አትሰማም እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ።

ለባሌ ለታደሰ ስነግረው፣ "ለምዳው ነው። እዚሁ አይደል የተወለደችው?" አለኝ። ላምነው ፈልጌ ነበር። እራት ላይ ግን ከኋላዋ ቆሜ ስሟን ጠራሁ። ታደሰ ቀና አለ። እሷ የተቀቀለ የቦዬ ሥሯን መብላቷን ቀጠለች። ደግሜ ጠራኋት።

ታደሰ የያዘውን ጉርሻ መልሶ፣ "ጠዋት ዱቦ ሆስፒታል እንውሰዳት" አለ።

አሁንም ውጭ ክላክስ በጮኸ ቁጥር ፊቷን አያለሁ።