የዋልካው ደንብ

ሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ዛሬ ተበቀልኩት፤ ልቤ ግን አልረካም።

የድልድይ ንድፍ እውቀትን «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሁን» እያልኩ፣ ደንብ በደንብ ለኮምፒውተሩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ከሥራው ላይ ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈበት፤ እኔን ታይፕ ክፍል ወረወረኝ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ለመጡት እንግዶች «የእኔ ሥራ» ብሎ አሳያቸው። ለጠዳው ድልድይ የመረጠውን ጥልቀት የሌለው መሠረት ግን ማሽኑ አልቀበልም አለው።

«ለምን?» አሉ አንዱ እንግዳ።

ኃላፊው ለመተየብ አጠገቡ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ አንቺ አስረጂያቸው» አለኝ።

«እኔ ታይፒስት ነኝ፣ ጓድ ኃላፊ። ሥራው የእርስዎ አይደል እንዴ?»

እንግዶቹ ሳቁ። እንዴት ደስ አለኝ!

እሱ ግን «ስሕተት ነው» ብሎ መሠረቱን ያስከለከለውን ደንብ እዚያው ሰረዘው። የዋልካውን ደንብ! የጠዳ መሬት ዋልካ ነው፤ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ምሰሶው አለት ካልነካ ድልድዩ ከነሰዉ ይወርዳል።

ድልድዩ ሲወድቅ እሱም ይወድቃል ብዬ ዝም ልል ነበር። የጠዳ ገበያተኛ ግን ምን በደለኝ?

እንግዶቹ ነገ ጠዋት ይሄዳሉ። መኪናቸው ፊት ቆሜ፣ ደንቡን ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደሰረዘው፣ እሱ እየሰማ እነግራቸዋለሁ። ያምኑኝ እንደሆነ እንጃ። ቢያባርረኝም ያባርረኝ፤ ሲያፍር ሳላየው ግን አልሄድም።